ወድቀሽ አሳዪኝ

ባባ ሥዕሎቹን ሊሰጥ መሆኑን የነገረኝ እግሩን እያጠብኩለት ሳለ ነው። «በሚመጣው ሳምንት ሰዎች ይመጣሉ፤ ወረቀቶቼን ይወስዳሉ» አለኝ። ከተማው ውስጥ፣ ባሕሩ አጠገብ፣ የባሕረ ሰላጤውን አገሮች የሥዕል ቀልድ ሁሉ የሚሰበስብ ቤት ተከፍቷል። መጽሔት ላይ የታተመውን አይደለም የሚፈልጉት፤ ሠዓሊው በገዛ እጁ የሠራበትን ዋናውን ወረቀት ነው። ሙቀትና አቧራ በማይደርስበት ክፍል፣ በሣጥን አድርገው ያኖሩታል። እሱ ቢሞት፣ ልጁ ብትሞት፣ እኔ ብሞት ሥዕሉ ይኖራል።

«ሁሉንም ትሰጣለህ?» አልኩት።

«ሁሉንም።»

«የምትወድቀዋንም?»

«ዋናው የሚፈልጉት እሷን አይደል እንዴ!» አለና ሣቀ።

ሌላውን እግሩን ሳላጥብ ተነሣሁ።

ባባ ስል አባቴ ማለቴ አይደለም። በአረቦቹ ቤት ሽማግሌውን ባባ ነው የምንለው። ዐረብኛ አንቱታ የለውም፤ የሚበልጠኝን ሰው አንተ ማለት መጀመሪያ አፌን ይይዘኝ ነበር። ኋላ ግን ጠቀመኝ። አንቱ እያሉ መጣላት ይከብዳል። ባባ ለልጆች መጽሔት ኮሚክ ሲሥል የኖረ ሰው ነው። በትንንሽ ሣጥን የተከፋፈለ፣ ሰዎቹ የሚናገሩት ከአፋቸው በወጣ ጉም ውስጥ የሚጻፍበት ሥዕል ማለት ነው። እኔ አርዲያ በሚባለው የኩዌት ሠፈር እሱ ቤት ስቀጠር እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር፤ እርሳስ ቀርቶ ማንኪያም አይዝም። ሚስቱ ሞታለች። ቤቱን የምታዝዘው ልጁ ናት፤ ማዳም የምላት እሷን ነው። እኔ የተቀጠርኩት እሱን ለማጠብ፣ ለማጉረስ፣ ለማንሣትና ለማስተኛት ነው።

ኩዌት ስገባ የልጅ ልጅ አይቻለሁ። ደላላው ፓስፖርቴ ላይ ዕድሜዬን ቀንሶ ልጃገረድ አድርጎኝ ነው የሸኘኝ፤ ጉልበቴ ግን ፓስፖርት አያነብም። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። አራተኛ ክፍልም ቢሆን ትክክልና ስሕተትን ያስተምራል።

የምትወድቀዋን ሴትዮ ግን ከባባ በፊት ነው የማውቃት። መጀመሪያ የሠራሁት ማንጋፍ የሚባል ሠፈር ነበር፤ ሦስት ልጆች ያሉበት ቤት። ልጆቹ መጽሔቱ በወጣ ቁጥር ከጀምዒያ፣ ከሠፈሩ ትልቁ ሱቅ፣ ያስገዙትና ሳሎን ወለል ላይ በሆዳቸው ተኝተው ይሣሣቁ ነበር። አንድ ቀን ምን እንደሚያሥቃቸው ልይ ብዬ አጎነበስኩ። ጥቁር ሴት። አፏ ከጆሮ እስከ ጆሮ፣ መቀመጫዋ እንደ ትራስ የተነፋ፣ ሻሿ የተንጋደደ። የሐበሻ ሠራተኛ ናት። ነገር አይገባትም፤ አንዱን ሲሏት ሌላውን ትሠራለች። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ትወድቃለች። ሻይ ይዛ ትወድቃለች፣ ከነባልዲዋ ትወድቃለች፣ ደረጃ ለደረጃ ትወድቃለች። እግሮቿ ወደ ሰማይ፣ ትሪው ኮርኒስ ላይ።

ከዚያ በኋላ ልጆቹ በሷ ስም ይጠሩኝ ጀመር። ትንሿ ልጅ ኮሪደሩ ላይ የሳሙና ውሃ አፍስሳ በር ኋላ ተደበቀች፤ ልክ እንደ ሥዕሉ ስወድቅ ልታይ። ወደቅኩላት። ትሪው ግን ኮርኒስ ላይ አልደረሰም። ክርኔ አብጦ ሰነበተ፤ የዚያ ቤት ማዳም «ልጆች ናቸው፣ ምን ታደርጊያለሽ» አለችኝ።

ኢራቅ ጦርነት ሲነሣ መስኮቱን ሁሉ በቴፕ የለጠፍንበት ጊዜ አልፎ ነው አርዲያ የገባሁት። እዚያ ቤት በገባሁ ቀን ማዳም ያንኑ ስም ጠራችብኝ። የቀልድ ስም መስሎኝ ቱግ አልኩ። «አትቆጪ፣ እዚህ የምትሠራን ሁሉ እንዲህ ነው የምንላት፤ አዲስ ስም መልመድ አንችልም» አለችኝ። ኋላ የጎረቤት ሠራተኛ አጥር ላይ ቆማ እንዲህ ስትለኝ ነው የገባኝ፤ «እናቴ፣ ካንቺ በፊት የነበረችውን የወሎ ልጅም በዚሁ ስም ነው የሚጠሯት የነበረው። ያቺ የምትወድቀዋ እሷ አይደለች እንዴ! ጅሊብ ነው ያለችው፤ ዳሌዋ ተሰብሮ።»

ማዳም ዓርብ ዓርብ ግማሽ ቀን ትለቀኝ ነበር። ከተማ ሄጄ አስቀድሼ እመለስ ነበር። ያን ዓርብ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቼ ወደ ጅሊብ በአውቶቡስ ሄድኩ። ጅሊብ አል ሹዩኽ አውሮፕላኖች ጣራውን ሊልሱ እየደረሱ የሚያልፉበት ሠፈር ነው። አንድ ክፍል ውስጥ የወሎ ሴቶች ተደራርበው ይኖራሉ፤ ኢቃማ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ፣ ያላትም የሌላትም። እሷን ግድግዳው ሥር ፍራሽ ላይ አገኘኋት። ሌሎቹ ወጥተው ይሠራሉ፤ እሷ ተቀምጣ የምትሠራውን ትሠራላቸዋለች። ሽንኩርት ትልጣለች፣ ምስር ትለቅማለች፣ የተቀደደ ትሰፋለች። ቀጭን ናት። አፏ ትንሽ ነው። ሥዕሏን አይቶ እሷን የሚለይ የለም።

ከዚያ በኋላ በየዓርቡ እሄድ ጀመር፤ የነገረችኝንም እዚህ እጽፈዋለሁ። ባባ ያኔ ሰውን ሳያይ አይሥልም። ቀትር ላይ፣ ቤቱ ሁሉ ሲተኛ፣ እሷም የምታርፍባት ያቺው ሰዓት ብቻ ሳለች፣ ዲዋንያ ወደሚሉት የወንዶች እንግዳ መቀበያ ይጠራት ነበር።

«ቁሚ ይለኛል። ትሪውን ያዢ ይለኛል። እሺ፣ አሁን ወድቀሽ አሳዪኝ። እወድቃለሁ። እግርሽ አልታየኝም፣ እንደገና ይላል። እንደገና እወድቃለሁ። ምንጣፉ ላይ አወዳደቅሽ አያምርም ብሎ ምንጣፉን አስጠቀለለኝ። ከዚያ ወዲያ በባዶ ንጣፍ ነው።»

«እምቢ አትይም ነበር?» አልኳት።

«መጀመሪያ እኔንም ያሥቀኝ ነበር እኮ፣ እማማ። ሰውዬው ክፉ አይደለም። ብርቱካን ይሰጠኝ ነበር።» የምትለቅመውን ምስር ወደ ጎን ገፋችና «አንድ ቀን ስወድቅ ዳሌዬ ውስጥ ጭራሮ የሚሰበር መሰለኝ። እኔም ሰማሁት፣ እሱም ሰማው። ቀና ብሎ አየኝ። እርሳሱን ግን አላስቀመጠም» አለች።

ሐኪም ቤት የወሰዳት ሰው የለም። እያነከሰች ስትሠራ ማዳም ሥራ ቀነሰች ብላ ወደ አገሯ ልትሸኛት ተነሣች። አንድ ልጅ አላት፤ ደሴ ይማራል። ትምህርቱን ሳይጨርስ ባዶ እጄን አልገባም ብላ ጠፋች። ማዳም ጠፍታለች ብላ ፖሊስ ዘንድ አስመዘገበችባት። እንግዲህ ከዚያ ክፍል ወጥታ ሐኪም ዘንድ ብትሄድ የሚይዟት ናቸው የሚጠብቋት።

ባባን ያን ቀን እግሩን ሳልጨርስለት ጥዬው ስወጣ በልቤ ይኼ ሁሉ ነው ያለው። ማምሻውን እራቱን ሳጎርሰው ጀመርኩት።

«ባባ፣ ያ ወረቀት ያንተ ብቻ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«አንተ ሣልክ፣ እሷ ወደቀች። ሁለታችሁም ሠርታችኋል። ሣጥኑ ላይ ያንተ ስም ብቻ ከተጻፈ ሌብነት ነው።»

ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ምግቡን አላምጦ ዋጠ። «በጣም ትሥቅ ነበር» አለ። ከዚያ ደግሞ፣ «እሺ፣ ስሟን እንዲጽፉ እነግራቸዋለሁ። ስሟ ማን ነበር?»

ማንኪያውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ያን ሁሉ ዓመት አብራው አንድ ቤት ኖራ፣ የእግሯን አጥንት አንድ በአንድ ሲሥል ኖሮ፣ ስሟን አያውቀውም። ለሠራተኛ ሁሉ የሚያወጡትን የቤቱን ስም ነው የሚያውቀው። እናቷ ያወጣችላትን ስም እኔ አውቀው ነበር። ግን የራሷ ነገር ነውና ሳልጠይቃት አልሰጠሁትም። «ዓርብ እነግርሃለሁ» አልኩት።

ዓርብ በደስታ ነው ጅሊብ የሄድኩት። ፍትሕ አግኝቼ የመጣሁ መስሎኝ።

«አላበድሽም?» አለችኝ፣ ከፍራሹ ቀና ብላ። «ስሜን? የመንግሥት ሰው በሚገባ በሚወጣበት ቤት? ማዳም ስታየው ያቺ የጠፋችው ናት አትልም? ነገ እዚህ በር ላይ ፖሊስ ቢቆም እኔን ብቻ ነው የሚወስደው? እነዚህን ሁሉ ነው!»

ሴቶቹ ሥራቸውን አቁመው ያዩኝ ጀመር።

«ደግሞ ልጄስ?» አለች። «ጓደኞቹ አንድ ቀን ስሜን ከዚያች መቀመጫዋ ከተነፋ ሴትዮ ጋር ቢያዩት? ስም ከሌላት ማንም ናት። ስሜ ከተጻፈ እኔ ሆንኩ።»

«ፍርዱ ግን» አልኩ። «የሠራሽበት ነው፤ አጥንትሽ ነው የተሰበረበት...»

«ፍርድ ፍርድ አትበይብኝ! በማርያም በዪልኝ። ወላሂ ካልሽኝ አላምንሽም፣ የኔ መሐላ እንጂ ያንቺ አይደለም። በማርያም በዪ፣ ስሜን አልሰጥም በዪ።»

በማርያም አልኩላት።

ልነሣ ስል ልብሴን ያዘችኝ። «አንድ ነገር ግን ንገሪልኝ። ሥዕሉን ያየ ሁሉ ሞኝ ስለሆነች ወደቀች ነው የሚለው። ሞኝ ሆኜ አልወደቅኩም። ወድቀሽ አሳዪኝ ስላለኝ ነው የወደቅኩት። እሱን ብቻ ይወቁት።»

ሁለት አደራ ይዤ ተመለስኩ። ስሟን እንዳልሰጥ፤ ታዝዛ መውደቋን ግን እንዳሳውቅላት። ለባባ ስሟን አልፈለገችም አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ። ሸክም የወረደለት መሰለኝ።

ከከተማው ቤት የመጡት አንዲት ሴትና ሣጥን የሚሸከሙ ሁለት ሠራተኞች ናቸው። ሴትየዋ የሌላ አረብ አገር ሰው ናት፤ ኻላ፣ ማለት አክስቴ፣ ብላ ሰላም አለችኝ። የቤቱ እንግዳ እንዲህ ብሎ ሰላም ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው። ነጭ ጓንት አጥልቃ፣ የዲዋንያውን ምንጣፍ አስነሥታ ወለሉ ላይ ንጹሕ አንሶላ አስነጠፈችኝ። ወረቀቶቹን አንሶላው ላይ አንድ በአንድ ስታወጣቸው እኔ ባባን ደግፌ ሶፋው ላይ አስቀመጥኩት። ማዳም ከጎኑ ሆና ስልኳን ትነካካለች።

ዋናውን ወረቀት ሳየው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ሣጥኖቹን አቧራቸውን እጠርግ ነበር እንጂ ከፍቼ አላውቅም። መጽሔቱ ላይ የሌለ ነገር አለበት። ከጥቁሩ ቀለም ሥር ሰማያዊ እርሳስ አለ። ሴትየዋ ለማዳም ስታስረዳት ሰማሁ፤ ሠዓሊ መጀመሪያ የሚሞክረው በዚያ ሰማያዊ ነው፣ ማተሚያ ቤት ሲታተም አይታይም፣ ስለዚህ ማጥፋትም አያስፈልገውም። ጥቁሩ ቀለም የተነፋውን መቀመጫ፣ ወፍራሙን ባት ይሥላል። ሰማያዊው ግን ሌላ ነው። ሰማያዊው ቀጭን ሴት ናት። እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ መሬቱን የምትፈልግ፣ ጣቶቿ የተበታተኑ፣ ጉልበቷ የሾለ ሴት። ቀልድ የለበትም። የሚወድቅ ሰው ነው።

ሴትየዋ አንዱ ወረቀት ላይ ብዙ ቆየች። «ሌላው ሠዓሊ ሲያስወድቅ ሰውየው ይበራል» አለች። «እርስዎ ሲያስወድቁ ክብደት አለው። ይኼን አወዳደቅ ከየት አመጡት? የሚቆምልዎ ሰው ነበረ?» ለሱ ስትናገር ዐረብኛውም አንቱታ ያለው ይመስል ነበር።

ባባ እኔን አየኝ። ፊቴን አላዞርኩም። ከዚያ ማዳምን አየ።

«ከጭንቅላቴ ነው ያወጣኋት» አለ።

«ውሸት ነው» አልኩ።

ማዳም ስልኳን አወረደች። «አንቺ፣ ሻይ አምጪ።»

«አመጣለሁ። ሰው ነው የወደቀው» አልኩ፣ ለሴትየዋ። «እዚሁ ክፍል፣ እዚሁ ንጣፍ ላይ። ምንጣፉን አስነሥቶ ወድቀሽ አሳዪኝ እያላት። ዳሌዋ እስኪሰበር። እሷን ነው የምታዪው፣ ሰማያዊዋን።»

ማዳም ሣቀች፤ የቸገራት ሣቅ ነው። «አርጅታለች፣ ነገር ይቀላቀልባታል» አለች።

«አርጅቻለሁ፤ አልተቀላቀለብኝም። እሱን ጠይቂው።»

ባባ እጁን እያየ ነበር። የሚንቀጠቀጠውን በደኅናው ይዞታል፤ ሁለቱም ይንቀጠቀጣሉ።

ሴትየዋ ጓንቷን አውልቃ ወደኔ መጣች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ኻላ፣ ማን ናት? ንገሪኝ፤ ከሥዕሉ ጋር አጽፈዋለሁ» አለች።

ደግ ፊት ነበራት። አፌን ከፈትኩ። ስሙ ምላሴ ላይ ነበር፤ አጭር ስም ነው፣ አንድ ትንፋሽ። ሕይወቴን ሙሉ ለማውቀው እውነት አፌን ዘግቼ አላውቅም። በአገሬ ሽማግሌ ፊት፣ በቀበሌ ፊት፣ በባሌ ፊት ተናግሬያለሁ። ማዳም ከሶፋው ላይ አንገቷን አስግጋ ትጠብቃለች። ጅሊብ ያሉት ሴቶች ሥራቸውን አቁመው ሲያዩኝ ታዩኝ።

አፌን ዘጋሁት።

«ስም ከሌለ» አለች ሴትየዋ፣ «የማን እንደሆነ ካልታወቀ፣ መጻፍ አልችልም። ሠዓሊው ደግሞ ሰው አልነበረም ብሏል።»

«ገብቶኛል» አልኳት። ገብቶኝ ነበር። ያንን ነው ይቅር ማለት የማልችለው፤ ሁሉም ነገር በደንብ ገብቶኝ ነበር። ስሙን ያልሰጠ ሰው ፍርድ አያገኝም፤ ስሙን የሰጠውን ፖሊስ ያገኘዋል።

ሻዩን አመጣሁ። ጠጡ። ሣጥኖቹን ሠራተኞቹ በአሳንሰር አወረዷቸው። ከመስኮት ሆኜ መኪናው ከአርዲያ መንገድ እስኪወጣ አየሁት። አንሶላውን አጠፍኩ፤ ምንጣፉን መልሼ ዘረጋሁ።

ባባን ሳስተኛው፣ «ስሟን የከለከልሽኝ አንቺ ነሽ» አለኝ። እንደ ልጅ አኩርፏል።

«ስሟን ነው የከለከልኩህ፤ አወዳደቋን አልከለከልኩህም። ሰው አቁሜ ነው የሣልኩት ማለት ስም ይፈልጋል?»

«ከኔ የሚቀረው ያ ብቻ ነው» አለ። «ሌላ ምንም የለኝም። በዚያ ቤት ሰባሪ ተብዬ ልቀመጥ?»

እንባው ወደ ጆሮው ወረደ። እጁ ስለማያደርስለት እኔ ነኝ የጠረግኩለት። ሥራዬ ነው። አሳዝኖኝ እንደሆነ ማንም አይጠይቀኝ።

ዓርብ ጅሊብ ሄድኩ። ሴቶቹ ሁሉ ነበሩ፤ እሷ ትራስ ተደግፋ ሽንኩርት ትልጣለች።

«ወሰዱት?»

«ወሰዱት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ከጭንቅላቴ ነው ያወጣኋት አለ።»

ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ከጭንቅላቱ? እኔ እኮ በአውሮፕላን ነው የመጣሁት!»

ክፍሉ በሣቅ ተናወጠ። አንዷ «እኔን ደግሞ ከጆሮው አውጥቶኝ ይሆናል!» አለች፤ ሌላዋ «ታዲያ ለምን መልሶ አይከትሽም፣ ጭንቅላቱ ሠፊ ነው አሉ!» አለች። እሷም አብራ ሣቀች፤ ዳሌዋ እስኪይዛት ሣቀች፤ ከዚያ የሻሿን ጫፍ ነክሳ ዐይኗን ጨፈነች።

ሕመሙ ሲለቃት፣ «አንቺስ ምን አልሽ፣ እማማ?» አለችኝ።

«ሰው ነው የወደቀው አልኩ። ወድቀሽ አሳዪኝ ተብላ ነው አልኩ።»

«በዐረብኛ?»

«በዐረብኛ።»

«ማዳም እየሰማች?»

«እየሰማች።»

«ስሜንስ?»

«አላወጣሁትም።»

ራሷን ነቀነቀች። «እንግዲያ አልተጻፈም።»

«አልተጻፈም።»

ልቧን ልጠግንላት ፈልጌ ስለ ሰማያዊው እርሳስ ነገርኳት። ከጥቁሩ ሥር አንቺ አለሽ፣ በሣጥኑ ውስጥ ያለችው አንቺ ነሽ፣ እጅሽም ጉልበትሽም የራስሽ ነው አልኳት። «ቀጭን ነሽ» አልኳት።

«ቀጭን ነበርኩ» አለች። ወደኔ ተጠግታ፣ «ፊቴስ? ፊቴንም ሥሎታል?»

ልዋሻት እችል ነበር። ሄዳ አታየው። ግን ለሷ የመጣሁት ሐቅ ይዤ ነው፤ ሌላ ያመጣሁላት ነገር የለም።

«ፊትሽን አልሣለውም» አልኳት። «ክብ ብቻ ነው። ከአንገትሽ በታች ነው ያየሽ።»

አውሮፕላን በጣራው ላይ አለፈ፤ እስኪያልፍ መነጋገር አይቻልም። ሲያልፍ፣ «ይሁን፤ ማንም አያገኘኝም» አለች። እፎይ ብላ ይሁን ከፍቷት ለማወቅ ፊቷን ፈለግኩት። ወደ ግድግዳው አዙራው ነበር።